ከጣራው የሚጀምር ቤተ መንግሥት

የሕንድ ቤተ መንግሥት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ በሰሜን ምዕራብ ወዳለችው ክፍለ ሀገር ወደ ራጃስታን ይሄዳል። በኮረብታ ላይ የተካበ ድንጋይ፣ እብነ በረድ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በመስታወት ስባሪ የተለበጠ ክፍል ይታየናል። አምበርም ሆነ ኡዳይፑር ዝናቸው የተገባ ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን አገሪቱ በደቡብ ጫፏ ላይ ከእነዚህ ጋር በምንም የማይገናኝ ንጉሣዊ ቤት አላት፤ ፓድማናብሃፑራም ይባላል። የሚያስፈራ ግንብም ሆነ ሰማይ የሚነካ ማማ አይታይበትም። አብዛኛው ቤት ዝቅ ያለ ነው፤ በሩን ለማለፍ ጎንበስ ማለት የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። ከውጭ ለቆመ ሰው የሚታየው ጣራ ነው፤ በጣራ ላይ የተደረበ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ቀይ የሸክላ ክዳን የለበሰ ጣራ።

ይህን ቤት ከግድግዳው ወይም ከክፍሎቹ ብዛት የጀመረ ሰው የሚረዳው አይመስለኝም። እዚህ ግድግዳ የጣራው አገልጋይ ነው። መስኮቱም፣ ወለሉም፣ የብርሃኑም መጠን የተወሰነው ጣራው ዝናቡን እንዴት እንደሚያወርድ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ካነሳሁ በኋላ ወደ ጣራው እሄዳለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው የዛሬዋ የኬረላ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከሆነችው ከትሪቫንድረም ወደ ደቡብ ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በምዕራብ ጋትስ ተራሮች ግርጌ፣ ታክሌይ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ጥንት ካልኩላም ይባል ነበር። ዛሬ የምናየው ግቢ አነሣሡ በ1601 ገደማ በንጉሥ ኢራቪ ቫርማ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያም በፊት የቆመ አንድ ቤት በውስጡ አለ። መልኩን የያዘው ግን በማርታንዳ ቫርማ ዘመን ነው። እኚህ ንጉሥ በ1729 ዙፋን ላይ ሲወጡ የተረከቡት በባላባቶችና በቤተ መቅደስ አስተዳዳሪዎች ሽኩቻ የተዳከመ ትንሽ ግዛት ነበር። ባላባቶቹን አንድ በአንድ አንበርክከው ትራቫንኮር የተባለውን መንግሥት አቆሙ። በ1741 የቁንዶ በርበሬ ንግዱን ለብቻው ሊይዝ የመጣውን የሆላንድ ኩባንያ ጦር በኮላቸል ባሕር ዳርቻ ድል አደረጉ። ከተማረኩት መኮንኖች አንዱ ዴ ላኖይ ለንጉሡ አድሮ ሠራዊቱን በአውሮፓ ሥርዓት አሠለጠነ፤ በ1777 እስኪሞት ድረስም እዚያው አገልግሏል። መቃብሩ ከቤተ መንግሥቱ ብዙ በማይርቀው በኡዳያጊሪ ምሽግ ውስጥ ይገኛል።

በ1750 ማርታንዳ ቫርማ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። ሰይፋቸውንና መንግሥታቸውን ፓድማናብሃ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የቪሽኑ መልክ አስረክበው፣ ከዚያ ወዲያ የአምላኩ አገልጋይ ሆነው እንደሚገዙ አወጁ። ከተማዋም በአምላኩ ስም ተጠራች። ይህ ውሳኔ በሕንፃው ላይ በግልጽ ይነበባል፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ስንደርስ እመለስበታለሁ። በ1795 ተተኪያቸው ዋና ከተማውን ወደ ትሪቫንድረም አዛወሩ። ቤቱን ያዳነው አንዱ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዋና ከተማ እንደሆነ ቢቆይ ኖሮ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ሌሎቹ የሕንድ መሳፍንት ቤቶች የአውሮፓ ዓምድና የእብነ በረድ ደረጃ ይጨመርበት ነበር።

ከግቢው ቤቶች ሁሉ ቀዳሚው ታይ ኮታራም ነው፤ የእናት ቤተ መንግሥት ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ይታመናል። የእናት መባሉ እንዲያው ለክብር አይደለም። በትራቫንኮር ዙፋን የሚወርደው በእናት መስመር ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት የሚተካው ልጁ ሳይሆን የእህቱ ልጅ ነው። ማርታንዳ ቫርማን የተኩት ራማ ቫርማም የእህታቸው ልጅ ናቸው። የሥርወ መንግሥቱ ሐረግ የሚያልፈው በሴቶቹ በኩል ስለሆነ፣ የግቢው እምብርት የእነሱ ቤት ቢሆን አያስገርምም።

ታይ ኮታራም ናሉኬቱ በሚባለው የኬረላ አሠራር የቆመ ነው። አራት ረጃጅም ቤቶች በአራቱ አቅጣጫ ተገጣጥመው በመካከል ክፍት ቦታ ይተዋሉ። የአራቱም ጣራ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ በክፍቱ ዙሪያ ያበቃል፤ በአራቱ ማዕዘን አራት ምሰሶዎች ተሸክመውታል። ዝናቡ በቤቱ መካከል ይወርዳል፤ ከታች በድንጋይ የተከበበ ዝቅ ያለ ወለል ተቀብሎት በቦይ ያስወጣዋል። በዚያው መክፈቻ ብርሃን ይገባል፣ የሞቀው አየር ይወጣል። የዚህ አሠራር ደካማ ጎን አራቱ የውስጥ ማዕዘኖች ናቸው። ሁለት ጣራዎች ተገናኝተው ሸለቆ የሚሠሩበት ቦታ የሁለቱንም ውኃ ይሸከማል። ጥቂት ቅጠል ከዘጋው ውኃው ከሸክላው ሥር ሾልኮ በቀጥታ የማዕዘኑን ወራጅ ያገኛል። የናሉኬቱ ብስባሴ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ ጉዳቱ ካልገፋ አያውቀውም።

አሁን ወደ ዝናቡ። የራጃስታኗ ጃይፑር በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ትሪቫንድረም ወደ 1800። ይህ የደቡብ ጫፍ ደግሞ ሞንሱን በሚባለው ዝናብ አምጪ ነፋስ በሁለት ወቅቶች የሚመታ ነው፤ አንዱ ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፣ ሌላው በጥቅምትና በኅዳር ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ራጃስታን ውስጥ ጠፍጣፋ ጣራ ሀብት ነው፤ የወረደው ጠብታ ተሰብስቦ በጉድጓድ ይጠራቀማል። እዚህ ግን የሰነበተ ውኃ ጠላት ነው። ስለዚህ ጣራው ወደ 45 ዲግሪ ተዳፍቶ ይሠራል፤ ክፈፉም ከግድግዳው በጣም ወደ ውጭ ወጥቶ ዝቅ ይላል። ቤቱ ከውጭ አጭር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክፈፉ የግድግዳውን እኩሌታ ይሸፍነዋል።

ግድግዳው ይህን ከለላ የሚሻ ዓይነት ነው። የአካባቢው ዋነኛ የግንብ ማቴሪያል ላቴራይት የሚሉት ቀይ ድንጋይ ነው። ከመሬት ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ በመጥረቢያ ይጠረባል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ተጠርቦ ወዲያው ከመገንባት ይልቅ አየር ላይ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ግን ዝናብ በቀጥታ ከመታው ውኃ ይጠጣል። በኖራ ይለሰናል፣ ከላይ ክፈፉ ይጠብቀዋል፣ ከሥር ደግሞ የግራናይት መሠረት ከመሬት እርጥበት ይለየዋል። የእንጨት ምሰሶዎቹም በቀጥታ አፈር አይነኩም፤ እያንዳንዱ የድንጋይ መቆሚያ አለው። እንጨት በጎኑ ከሚጠጣው ውኃ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ የሚጠጣው እጅግ ይበልጣልና፣ ምሰሶ አፈር ላይ ከቆመ መጀመሪያ የሚሞተው እግሩ ነው። ድንጋዩ ለምስጥም እንቅፋት ነው፤ ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ መሥራት ስላለበት ጠባቂው በዐይኑ ያየዋል።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ሰው ዋናው አናጢ ነው። የኬረላ አናጢዎች የሚለኩበት ዘንግ ኮል ይባላል፤ 72 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲ ሜትር በሆኑ 24 ጣቶች ይከፈላል። ቤት የሚታቀደው በክፍል ስፋት ሳይሆን በዙሪያው ርዝመት ነው። ዙሪያው በኮል ተለክቶ በ3 ይባዛል፣ በ8 ይካፈላል፣ ቀሪው ይታያል። ቀሪው ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት፤ 1፣ 3፣ 5 ወይም 7። ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ልኩ ይጣላል። ለምሳሌ ዙሪያው 35 ኮል ቢሆን፣ ማለትም 25.2 ሜትር፣ በ3 ሲባዛ 105 ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ልኩ መልካም ነው። አራቱ ጎዶሎ ቁጥሮች ለአራቱ አቅጣጫዎች የተመደቡ ስለሆኑ የምሥራቁ ቤትና የምዕራቡ ቤት በአንድ ልክ አይሠሩም። እምነቱን የማይቀበል ሰው እንኳ ጥቅሙን ማየት ይችላል። የሚፈቀዱት ልኮች ጥቂት በመሆናቸው የምሰሶውም የወራጁም ርዝመት ከሚታወቅ ዝርዝር ይወጣል፤ አናጢው ወረቀት ላይ ሳይነድፍ መቶ ወራጅ ማዘዝ ይችላል።

የጣራው አጽም እንዲህ ነው። በግድግዳው ወይም በምሰሶዎቹ ራስ ላይ ወፍራም አግዳሚ ይጋደማል። በጣራው አናት ሌላ አግዳሚ አለ። ወራጆቹ ከአናቱ ተነሥተው በታችኛው አግዳሚ ላይ ያርፉና አልፈው ክፈፉን ይሠራሉ፤ ጫፎቻቸው በአንድ ረጅም ሳንቃ ይታሰራሉ። እስከዚህ ድረስ የትኛውም ባለ ወራጅ ጣራ ይመስላል። የኬረላው አናጢ ብልሃት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በእያንዳንዱ ወራጅ ወገብ ላይ ብስ ይወጣል፤ በሁሉም ብሶች ውስጥ ቀጭን ጠንካራ የእንጨት ዘንግ ያልፋል። መቁጠሪያ በክር እንደሚሰካ ወራጆቹ ሁሉ በዘንጉ ይሰካሉ። አንዱ ወራጅ ለብቻው መንሸራተትም መጣመምም አይችልም፤ ነፋስ አንዱን ሲገፋ ሁሉም ይቀበሉታል።

አስቸጋሪው ሥራ ማዕዘኑ ነው። በቀጥታው ክፍል ወራጆቹ እኩል ትይዩ ስለሆኑ ብሱ በሁሉም ላይ በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ ይወጣል። ማዕዘን ላይ ግን ወራጆቹ እንደ ጣት ይዘረጋሉ፤ የእያንዳንዱ ርዝመት፣ ተዳፋትና ብሱ የሚበሳበት አቅጣጫ ይለያያል። ዘንጉ በሁሉም ውስጥ እንዲያልፍ የእያንዳንዱ ብስ ማዘንበል አስቀድሞ መሰላት አለበት። ሥራው መሬት ላይ ተጠናቆ፣ ተገጣጥሞ ተሞክሮ፣ ተፈትቶ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። በአንዱ ወራጅ ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተት በሚቀጥለው ትጨመራለች፤ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ዘንጉ አልገባም ይላል። በመዶሻ የገፋው ሰው ወራጁን በብሱ ላይ ይሰነጥቀዋል። ተስተካክሎ የተሠራው ግን ሚስማር አይፈልግም። የአንዱ እንጨት ጫፍ ምላስ ሆኖ ወጥቶ በሌላው ውስጥ ይገባል፣ በእንጨት ሽብልቅ ይጠበቃል። ሚስማር አለመኖሩ ለጥበብ ማሳያ ብቻ የተደረገ አይደለም። ብረት በዚያ እርጥበት ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ እንጨቱን ይሰነጥቃል። በሽብልቅ የተያዘ ጣራ ደግሞ ይፈታል፤ የበሰበሰው ቁራጭ ብቻ ተለውጦ መልሶ ይገጠማል። ለዘመናት የቆመበት አንዱ ምስጢር ይህ መፈታቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጣራው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ ተዳፋት ተገናኝተው ሦስት ማዕዘን በሚሠሩበት ግንባር፣ ቅርጻ ቅርጽ የበዛበት የእንጨት ፊት አለ። ጎብኚ ለጌጡ ፎቶ ያነሳዋል፤ ሥራው ግን ከጣሪያው ሳንቃ በላይ የታፈነውን ሙቅ አየር ማስወጣት ነው። ከሥር ያለው የሳንቃ ጣሪያና ከላይ ያለው ሸክላ በመካከላቸው የአየር ክፍል ይፈጥራሉ፤ ፀሐይ ሸክላውን ስታግለው ሙቀቱ እዚያ ቀርቶ በግንባሩ ቀዳዳዎች ይወጣል። በኋላ ዘመን በብዙ የአካባቢው ቤቶች ላይ ወፍና የሌሊት ወፍ ለመከልከል ይህን ግንባር በሳንቃ መድፈን ተለምዷል። የሚከተለው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱም ይታፈንና ወራጆቹ ላይ ሻጋታ ይወጣል። ወፍ ለመከልከል ቀጭን ወንፊት ይበቃል።

ክፈፉ ያን ያህል ዝቅ ሲል ብርሃን ከላይ አይገባም። የሚገባው ከመሬት ተንጸባርቆ ነው። ለዚህም ነው ማንትራሳላ፣ የንጉሡ የምክር አዳራሽ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጭልም ብሎ የሚጠብቀን። በላይኛው ፎቅ ላይ ያለ ረዘም ያለ ክፍል ነው። ዙሪያውን ግድግዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዘንበል ባሉ የእንጨት ርብራቦች ነው የተከበበው። ርብራቦቹ ወደ ውጭና ወደ ታች ስላዘነበሉ ዝናብ አያስገቡም፣ ነፋስ ግን ያሳልፋሉ። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግቢውን ቁልቁል ያያል፤ ከግቢው ቀና ያለ ሰው ውስጡን አያይም። ለምክር አዳራሽ ከዚህ የሚስማማ ግድግዳ ማሰብ ይከብዳል። በአንዳንዶቹ መስኮቶች ላይ ቀለም ያለው ሚካ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የድንጋይ ቅጠል፣ ተገጥሟል፤ የፀሐዩን ንዳድ ያበርዳል፣ አቧራ ይከለክላል።

ያ የደበዘዘ ብርሃን የሚያርፍበት ወለል ጥቁር ነው፤ ሲያዩት የተወለወለ ድንጋይ ይመስላል። ድንጋይ አይደለም። ኖራ፣ አሸዋ፣ የተቃጠለ የኮኮናት ቅርፊት ከሰልና የእንቁላል ነጭ ነው፤ ባለሙያዎች የዕፅዋት ጭማቂና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳርም ይጨምራሉ። በባሕር ዳርቻው ኖራ የሚገኘው ከዛጎል ነው። ዛጎሉ በእቶን ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቃጠላል፣ በውኃ ይበርዳል፣ ከዚያም እርጥበቱን ሳይለቅ ለሳምንታት ይቀመጣል። ያልበረደ ቅንጣት በውስጡ ከቀረ ወለሉ ከተነጠፈ በኋላ ውኃ አግኝቶ ያብጥና ትንንሽ ጉድጓድ እየፈነቀለ ይወጣል። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በሰዓታት አይጠነክርም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ስኳሩ መድረቁን ያዘገየዋል፣ እንቁላሉ ገጹን ያያይዘዋል፣ ከሰሉ ያጠቁረዋል። ያ ልስላሴ የሚመጣው ገጹ ገና እርጥብ ሳለ በለስላሳ ድንጋይ ደጋግሞ በመፈግፈግ ነው። ቸኩሎ በፀሐይ የደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ በኋላ የተፈገፈገ ደግሞ ይቧጨራል እንጂ አያበራም። በዘመናችን ይህን መልክ ለማምጣት በሲሚንቶ ላይ ቀለም የሚቀቡ አሉ። ከፎቶ አይለይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሲሚንቶ እርጥበት አያስተነፍስም፤ ከሥር የሚመጣው ውኃ ወደ ጎን ሄዶ የግድግዳውን ልስን ያራግፋል።

የግቢው ረጅሙ ቤት ኡፒሪካ ማሊካ ነው፤ ማርታንዳ ቫርማ ያሠሩት፣ አራት ፎቅ ያለው። አቀማመጡ የ1750ውን አዋጅ ወደ ሕንፃ የለወጠ ነው። ምድር ቤቱ ግምጃ ቤት ነው። ከሱ በላይ የንጉሡ መኝታ ክፍል አለ፤ ከ60 በላይ ከሆኑ የመድኃኒት ዕፅዋት እንጨት እንደተሠራ የሚነገርለት አልጋ ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛው ንጉሡ የሚያርፉበትና ለብቻቸው የሚቆዩበት ነው። አራተኛው የአምላኩ ክፍል ነው፤ ንጉሡ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ከጌታቸው በታች ይተኛሉ። ፎቆቹን የሚያገናኘው ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፣ ከላይ በከባድ መዝጊያ ይዘጋል። የላይኛው ክፍል ግድግዳዎች በሥዕል የተሞሉ ናቸው። ልስኑ ከደረቀ በኋላ በምድር ቀለሞች፣ በቀይና በቢጫ አፈር፣ በመብራት ጥቀርሻም ጭምር የተሣሉ ስለሆኑ እርጥበት ከደረሰባቸው ይረግፋሉ። የሰው ትንፋሽ እንኳ ይጎዳቸዋልና ክፍሉ ለሕዝብ ክፍት አለመሆኑን እደግፋለሁ።

ከዚህ ሁሉ እንጨት መካከል ናቫራትሪ ለሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል የቆመው አዳራሽ ብቻ ግራናይት ነው፤ ዓምዶቹ በደቡብ ሕንዱ ጥንታዊ መንግሥት በቪጃያናጋር ሥልት ሰው ሆነው ተቀርጸዋል። ድንጋዩ ራሱ ግሩም ሥራ ነው፤ በግቢው ውስጥ ግን እንግዳ ይመስለኛል። ሴቶቹ የቤተ መንግሥት ወገኖች ሙዚቃውንና ጭፈራውን የሚያዩበት ባለ ቀዳዳ የእንጨት ክፍል ባይኖር የኬረላ መሆኑ ይጠፋው ነበር። በዓሉ ራሱ ወደ ትሪቫንድረም ሄዷል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በየዓመቱ የዕውቀት አምላክ የምትባለው የሳራስዋቲ ምስል ከዚህ ተነሥቶ በሰልፍ ይሄዳል፣ ንጉሣዊው ሰይፍም ከኡፒሪካ ማሊካ ወርዶ ያጅበዋል።

በ1956 የሕንድ ክፍላተ ሀገር በቋንቋ ሲከለሉ የካንያኩማሪ አውራጃ ወደ ማድራስ፣ የዛሬዋ ታሚል ናዱ፣ ተጠቃለለ። ቤተ መንግሥቱ ግን በኬረላ መንግሥት እጅ ቀረ፤ የሚጠብቀውም የኬረላ የአርኪኦሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ እጩዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። መመዝገቡ ደስ ያሰኛል፤ ቤቱን የሚያቆመው ግን ከሰኔው ዝናብ በፊት በየዓመቱ መሠራት ያለበት ተራ ሥራ ነው። የተንሸራተተውን ሸክላ መመለስ፣ የሸለቆዎቹን ቅጠል መጥረግ፣ ወራጁ በታችኛው አግዳሚ ላይ የሚያርፍበትን መጋጠሚያ አንድ በአንድ መንካት። ብስባሴው ከውጭ አይታይምና ባለሙያ በስለት ጫፍ ወግቶ ይሞክራል፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሳል፣ የበሰበሰ ይውጣል። ለነቀዝና ለምስጥ የቆየው የአካባቢው መድኃኒት የካሹ ቅርፊት ዘይት ነው። እንጨቱ ፍጹም ሲደርቅ በደረቁ ወራት ይቀባል፤ እርጥብ እንጨት ላይ ከተቀባ ውኃውን ውስጥ ያስቀረዋል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ያቁሳልም፤ በባዶ እጅ አይነካም።

ለመጎብኘት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሰኞ ዝግ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በጫማ ሥር የሚመጣ አሸዋ ያንን ጥቁር ወለል እንደ ሞረድ ስለሚበላው ነው። የመግቢያው አዳራሽ ጣሪያ ላይ 90 ዓይነት አበባ ተቀርጿል ይባላል፤ አስጎብኚዎች እዚያ ያቆሟችኋል፣ ማየቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ወደ ታይ ኮታራም ስትደርሱ ከክፍቱ ቦታ ጠርዝ ቁሙና ወደ አንዱ ማዕዘን ቀና በሉ። የሚዘረጉትን ወራጆች ቁጠሩ፣ በወገባቸው የሚያልፈውን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር በዐይናችሁ ተከተሉት፤ ብሱ ከወራጅ ወራጅ አቅጣጫውን እየለወጠ ሲሄድ ታያላችሁ።